120 ሊትር ውኃ

ዛሬ ጅማ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። እኔም ቀኑን ሙሉ ከውኃ ጋር ነው የዋልኩት። የኩላሊት እጥበት ልምምድ ስጀምር ትልቁ ነገር ማሽኑ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጉዱ ያለው ከጀርባ፣ ውኃ ማጣሪያው ክፍል ነው!

አንድ ታካሚ በ4 ሰዓት እጥበት ወደ 120 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። የቧንቧ ውኃው ውስጥ ያለው ክሎሪን በካርቦን ተጣርቶ ካልቀረ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። እኔ ሆዬ የክሎሪን ምርመራውን ሳልሠራ ማሽን ላዘጋጅ ስል አሰልጣኛችን እጄን ያዘችኝ። «የምትጠጣው ውኃ ሆድህ ነው የሚገባው። ይሄንን ግን ከደም የሚለየው ስስ ሽፋን ብቻ ነው» አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ አንድ አባት አጠገብ ቆምኩ። ደማቸው የሚያልፍበትን ቱቦ በጓንት ስነካው ሞቅ ይላል። የማሽኑ ደም ማጣሪያ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ቱቦዎች አሉ፤ ዩሪያና ፖታሲየም በግድግዳቸው ሾልኮ ይወጣል፣ የደም ሴሉ ይቀራል። ጤነኛ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል፤ አብዛኛውን መልሶ ወስዶ ሽንት የሚያደርገው 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ነው። ማሽኑ ይህቺን ጥበብ አያውቃትም (ደም የሚያስመርተውን ሆርሞንም አይሠራም)።

አባታችን ካለፈው እጥበት ወዲህ 3 ኪሎ ጨምረዋል፤ ጠጥተውት በሽንት ያልወጣ ፈሳሽ ነው።

«ቡና ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጅማ ተቀምጦ በአቦል ብቻ የሚነሳ አለ እንዴ?»

ሳቅሁ። 3 ኪሎዋን ግን መዘገብኳት።