ቱዊተሩ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ጥንድ ስፒከር እጁ ገብቷል። ሳጥኑ ንጹሕ ነው፣ እንጨቱ ያምራል፣ የግራው ድምፅ ግን ታፍኗል። «ቱዊተሩ ሞቷል፤ በምን ልቀይረው?» አለኝ። «መሞቱን በምን አወቅክ?» ስለው ዝም አለ። በስልክ ሁሉንም ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፍለት ብያለሁ፤ ለሌላውም ይጠቅማል።

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። ሳጥኑ ላይ የታሰሩትን ድምፅ አውጪዎች ባለሙያዎች ድራይቨር ይሏቸዋል። ለቤዝ የሚሠራው ትልቁ ዉፈር፣ ለቀጭኑ ድምፅ የሚሠራው ትንሹ ቱዊተር ነው። ድምፁን ከፋፍሎ ለየድርሻቸው የሚያድለው ደግሞ ውስጥ ያለው ክሮስኦቨር ነው። አሮጌ ስፒከር ሲታመም ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ድራይቨሩ ላይ ነው። እኔ ካየኋቸው ግን ብዙዎቹ ላይ ጥፋቱ የድራይቨሩ አልነበረም።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያ ጥንዴ ነው። የቀኙ ደነዘዘብኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጥ ከቱዊተሩ ምንም አይወጣም። ዲያሜትሩ እኩል የሆነ አዲስ ቱዊተር ገዝቼ ገጠምኩ፣ አሮጌውን ጣልኩት። ድምፅ መጣ፣ ግን የሚጮህ፣ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ። ከወራት በኋላ ሳጥኑን በሌላ ምክንያት ስከፍት የቱዊተሩን ድምፅ መጠን የሚያስተካክለው ከጀርባ ያለው ማዞሪያ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ አገኘሁት። ጠርጌው ወዲያ ወዲህ ሳዞረው የቱዊተሩ ድምፅ እየቆረጠ እየቀጠለ መጣ። ያ የጣልኩት ቱዊተር ምንም አልሆነም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የሱ ዓይነት ድጋሚ አላገኘሁም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ሂዱ። አምፕሊፋየሩን አጥፉና የግራና የቀኝ ገመዶችን ስፒከሮቹ ላይ አቀያይሩ። ችግሩ ወደ ሌላኛው ስፒከር ከተዛወረ ስፒከራችሁ ደህና ነው፤ አምፕሊፋየሩን ወይም ገመዱን ፈትሹ። እዚያው ከቀረ ካቻቢቴ አንሱና ድራይቨሩን ፍቱት። ከሁለቱ ሽቦዎች ቢያንስ አንዱን ሳትነቅሉ አትለኩ፣ አለዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያው (ሜትሩ) ክሮስኦቨሩንም አብሮ ያነብባል። ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው፤ 8 ኦም የሚባል ድራይቨር በሜትር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ኦም ያሳያል፣ 4 ኦም የሚባለው ደግሞ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተማምነው ማነጻጸር ነው፤ የግራውም የቀኙም ተቀራራቢ ማንበብ አለበት። ሜትሩ ጭራሽ ምንም ካላነበበ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ኮይሉ (በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ሆኖ ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ብላችሁ አትደምድሙ። ከመሰኪያው ወደ ኮኑ (የሚርገበገበው የድራይቨሩ ፊት) የሚሄደውን ያንን ተጣጣፊ የተጎነጎነ ሽቦ በደንብ እዩት፤ ስንት ዓመት ሲወዛወዝ ኖሮ ጫፉ ላይ ይበጠሳል፣ እሱን ደግሞ በሊድ መበየድ ይቻላል።

ዉፈር ከሆነ የሁለት እጅ ጣቶቻችሁን ኮኑ ላይ ትይዩ አድርጋችሁ በእኩል ኃይል፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ያለ ድምፅ መግባትና መመለስ አለበት። ክርክር የሚል ነገር ከሰማችሁ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ደግሞ አቅጣጫውን ማወቅ ይቻላል፤ ፖዘቲቩን በፖዘቲቩ ስትነኩት ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። የድሮዎቹ የጄቢኤል ድራይቨሮች ግን ተቃራኒ ናቸው፣ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ስለዚህ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ቱዊተር ላይ ባትሪውንም ግፊያውንም ተዉት፤ ሜትር ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ብዙ ሰው ዉፈር የሚያስጥልበት ነገር ላይ ደረስን፦ ፎሙ። በብዙ አሮጌ ዉፈሮች ላይ ኮኑን ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ከፖሊዩሬቴን ፎም የተሠራ ነው። አየርና እርጥበት ይበሉታል፤ ብዙ ጊዜ በ15 ወይም በ20 ዓመት ያልቃል፣ ባይሠራበትም። ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። አንድ ጊዜ የፊት ጨርቁን ገልጬ በትንሿ ጣቴ ጫፍ ብነካው እንደ ጥቀርሻ ተፈርክሶ ጣቴ ላይ ቀረ፣ ከሥሩም የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ወጣ። ኮኑ፣ ኮይሉና ማግኔቱ ግን እንደ አዲስ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ዉፈር መጣል ኃጢአት ነው። ፎሙ ብቻ ይቀየራል።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ሊቅነት አይጠይቅም። አሮጌውን ፎምና ሙጫ በአልኮል እያረሰረሳችሁ፣ ኮኑን ሳትቧጥጡ፣ እስከ መጨረሻው አጽዱ። መሃሉ ላይ ያለውን ጉልላት መሰል ክዳን በስለት ዙሪያውን ቆርጣችሁ አንሡት፤ ከሥሩ ኮይሉና የማግኔቱ ምሰሶ ይታያሉ። በሁለቱ መካከል ቀጫጭን የፕላስቲክ ቁራጮች ዙሪያውን ስኩ፣ ኮይሉ መሃል እንዲይዝ። ከዚያ ፎሙን መጀመሪያ ከኮኑ፣ ሲደርቅ ከክፈፉ ጋር አጣብቁ። ሙጫው እስኪጠነክር አንድ ሙሉ ቀን አትንኩት። ቁራጮቹን ስታወጡ ኮኑን ግፉና አዳምጡ። ደግሞም ልኩ ስለገጠመ ብቻ ማንኛውንም ፎም አትግዙ፤ ከመጀመሪያው ፎም ይልቅ ጠንካራ የሆነ ፎም ኮኑን ይይዘዋል፣ ቤዙም ይቀንሳል። ቀለበቱ ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜው ከእኛ ይበልጣል፣ አትነካኩት።

ቱዊተሮች ሌላ ሕመም አላቸው። አንዳንዶቹ ኮይሉ ዙሪያ ፌሮፍሉይድ የሚባል ማግኔት የሚስበው ዘይት አለባቸው፤ ኮይሉን ያቀዘቅዛል። ከዓመታት በኋላ ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል። በሜትር ስትለኩት ጤነኛ ነው፣ ድምፁ ግን የለም ማለት ይቻላል። ኮይሉ የተያያዘበት ክፍል የሚነቀል ከሆነ ኮይሉ የሚገባበትን የማግኔት ክፍተት በወረቀት ቁራጭ ደጋግሞ መጥረግና ተመሳሳይ ውፍረትና መጠን ያለው አዲስ ዘይት መጨመር ይበቃል።

ማግኔትም ይደክማል፣ ግን ሁሉም አይደለም። የድሮው አልኒኮ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የሚሠራ ሲሆን ከአቅም በላይ ሲጮህ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል፤ ባለሙያ መልሶ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ሻባ ክፍለ ሀገር ጦርነት ሲነሣ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ስፒከር ሠሪዎችም በብዛት ወደ ፌራይት (ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ማግኔት) ዞሩ። ፌራይት እንዲህ በቀላሉ አይደክምም። ጠላቱ መውደቅ ነው፤ ሙጫው ሲላቀቅ ማግኔቱ ይንሸራተትና ኮይሉን ይቆልፈዋል።

ክሮስኦቨሩንም ሳታዩ አትፍረዱ። ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተር የሚባሉ ቁራጮች አሉ፤ ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉት ዓይነቶች በዚህ ዕድሜ ልካቸውን ይስታሉ፣ ይደርቃሉም። የፊልም ካፓሲተር ከሆነ ግን ለክታችሁ ደህና ከሆነ ተዉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮይሉ በእርግጥ ተቃጥሎ ከተገኘ፣ እሺ፣ እንቀይር። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሁልጊዜ ያው ሞዴል ነው፣ አሮጌም ቢሆን፣ ተለክቶና ተፈትሾ። ሁለተኛው የራሱን ድራይቨር አዲስ ኮይልና ኮን ማስገጠም ነው። ሌላ ዓይነት የማስገባው ሁለቱ እምቢ ሲሉ ብቻ ነው፤ ያኔም ግራና ቀኙን አንድ ላይ እቀይራለሁ።

ምክንያቱም ቀዳዳው ውስጥ መግባቱ ምንም አይነግራችሁም። ክሮስኦቨሩ የተሰላው ለዚያ ድራይቨር ነው። ከአንድ ካፓሲተር ጋር የሚሠራን የ8 ኦም ቱዊተር በ4 ኦም ብትተኩት የመከፋፈያው ነጥብ (ድምፁ ለቱዊተሩ መተላለፍ የሚጀምርበት ኸርዝ) እጥፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። የአዲሱ ቱዊተር የራሱ ንዝረት ነጥብ (በራሱ ይበልጥ የሚርገበገብበት ኸርዝ) ከመከፋፈያው ቢያንስ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ማለት አለበት፣ ለምሳሌ መከፋፈያው 3000 ኸርዝ ከሆነ ከ1500 በታች። የድምፅ ብቃቱም (በእኩል ጉልበት የሚያወጣው የድምፅ መጠን) አለ። የ3 ዲሲቤል ልዩነት ማለት እጥፍ የአምፕሊፋየር ጉልበት ነው። ከድሮው ከፍ ያለውን በሬዚስተር ማውረድ ይቻላል፤ ዝቅ ያለውን ግን ምንም አያነሣውም።

ዉፈር ሲሆን ሳጥኑም ይገባበታል። ኤድጋር ቪልቸር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ኤአር 1 ስፒከር ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ኮኑን በጣም ልል አድርጎ ይሠራዋል፣ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ የሚመልሰው በተዘጋው ሳጥን ውስጥ የታሰረው አየር ነው። እንዲህ ባለ ሳጥን ውስጥ ለመድረክ የተሠራ ደረቅ ዉፈር ብታስገቡ ቤዙ ጠፍቶ ይቀራል። የዉፈርና የሳጥን ጋብቻ በቁጥር የሚሰላበትን መንገድ ያበጁት አውስትራሊያ ውስጥ የሠሩት ኔቪል ቲልና ሪቻርድ ስሞል ናቸው፤ የድራይቨር መረጃ ወረቀት ላይ የምታዩዋቸው የንዝረት ነጥብ፣ የኪውና የአየር መጠን ቁጥሮች በስማቸው ይጠራሉ። እነዚህን ቁጥሮች የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ልመና አለኝ። ሳጥኑን አትቁረጡ። አዲሱ ካልገባ ከእንጨት የመሸጋገሪያ ቀለበት ሠርታችሁ በነባሩ የብሎን ቀዳዳ እሰሩት፤ የፈታችሁትን ድራይቨርም፣ የተቃጠለም ቢሆን፣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ነገ ኮይል የሚጠቀልልለት ሰው ሊገኝ ይችላል።

ወዳጄ ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። ሁለቱም ቱዊተሮች 5.8 ኦም አነበቡ። አሁን ክሮስኦቨሩን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል፤ አንዱ ካፓሲተር እግሩ ሥር ብየዳው የተሰነጠቀ ይመስላል ብሎኛል። እኔ ደግሞ የፊት ጨርቁን መልሶ ከመግጠሙ በፊት የዉፈሮቹን ፎም በትንሽ ጣቱ ነክቶ እንዲነግረኝ እየጠበቅኩ ነው።