ከድሬዳዋ ሆኖ የኒውትሮን ኮከብ ፍንዳታን መተንተን፦ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ

ናይሰር የተባለው የናሳ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በ2017 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ተገጥሞ ሥራ ጀመረ (የፈረንጅ ዓመተ ምሕረት ነው የምጠቀመው)። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም ፈቃድም አይጠየቅበትም። «የትብብር ደብዳቤ አምጣ» እያለ ያመላለሰኝ ቢሮ ይህን ማወቅ ነበረበት። እናንተ ደብዳቤ ሳታጽፉ ዝም ብላችሁ አውርዱ።

የመረጥኩት ሳክስ ጄ1808.4−3658 የተባለውን የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ የኒውትሮን ኮከብ ማለት ትልቅ ኮከብ ሲሞት የሚቀር እጅግ የታመቀ እምብርት ነው። ከእኛ 11,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ በሰከንድ 401 ጊዜ ይሽከረከራል። ከአጋሩ ኮከብ የሚስበው ጋዝ ላዩ ላይ ይከማችና ሂሊየሙ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። የ2019ኙ ፍንዳታ በ20 ሰከንድ ውስጥ የለቀቀው ኃይል ፀሐይ በ10 ቀን ገደማ ከምትለቀው ጋር የሚተካከል ነው።

ሂሶፍትን (የናሳ የኤክስሬይ መረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ነው) ሊኑክስ ላይ ጫኑ። የካሊብሬሽን (የመሣሪያው ልኬት ማስተካከያ) ፋይሎቹን በየጊዜው ከኢንተርኔት ማንበብ እንደሚቻል መመሪያው ይነግራችኋል፤ ድሬዳዋ ላይ አይሠራም በሉት። ኔትወርክ በደህና ጊዜ ሁሉንም ኮምፒውተራችሁ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ የጂኦማግኔቲክ (የመሬት መግነጢሳዊ መስክ) ፋይሎቹንም አትርሱ። መረጃውን የሚያጣራው ትዕዛዝ እየሠራ መብራት ከሄደ በግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል፤ ስትደግሙት በላዩ ላይ እንዲጽፍ ካልፈቀዳችሁለት አሻፈረኝ ይላል። ደግሞ በቀትር አትሥሩ፤ ላፕቶፑም እናንተም ትግላላችሁ።

እስከዚህ ቀላል ነው። ሰው የሚያልቀው ሰዓቱ ላይ ነው።

ፍንዳታው የታየው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ኦገስት 21 ቀን 2019፣ 02:04 ላይ ነው። የናሳ ዜና ግን ኦገስት 20 ይላል፤ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ገና ማታ፣ በእነሱ አቆጣጠር 10:04 ነበራ። በእኛ ደግሞ ነሐሴ 14 ለ15 አጥቢያ 2011፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው። የዜናውን ቀን ይዞ ማኅደሩን የሚፈልግ ሰው የተሳሳተ ፎልደር ይዞ ይቀመጣል።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ናይሰር የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014፣ ከዩቲሲ 00:00 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ነው። 2,058 ቀን በ86,400 ይባዛል፣ ለ02:04 ደግሞ 7,440 ይደመራል፤ 177,818,640 ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን በ2015 አጋማሽና በ2016 መጨረሻ ዩቲሲ ላይ የተጨመሩ ሁለት ሰከንዶች አሉ። ሄደሩ (የፋይሉ መግለጫ ክፍል) ላይ ደግሞ ታይምዜሮ የሚል መስመር −1 ይላል፤ እውነተኛው ጊዜ የሚገኘው ከፋይሉ ቁጥር አንድ ሲቀነስ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 02:04:00 በፋይሉ ውስጥ 177,818,643 ነው። ሦስት ሰከንድ ምን ታመጣለች አትበሉ፤ ስፔክትረሙን (ብርሃኑ በየኃይል መጠኑ ሲዘረዘር) በሩብ በሩብ ሰከንድ ስትከፍሉት አሥራ ሁለት ክፍል ታዛባለች።

ከዚህ የባሰው የባሪሴንተር እርማት ነው። የጥናት ጽሑፎችና ካታሎጎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ብርሃኑ የፀሐይ ሥርዓት የክብደት ማዕከል ላይ የሚደርስበትን ሰዓት ነው። መሬት ከማዕከሉ ርቃ ስለምትዞር ልዩነቱ እስከ 8 ደቂቃ ይደርሳል። በዚያ ሌሊት መሬት ወደ ኮከቡ ባለው ወገን ስለነበረች የተስተካከለው ሰዓት 4 ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል። በዚያ ላይ የተስተካከለው ጊዜ የሚጻፍበት መለኪያ በ2019 ከዩቲሲ 69 ሰከንድ ይቀድማል። ባልተስተካከለ ፋይል ላይ በተስተካከለ ሰዓት ብትቆርጡ የ20 ሰከንዱ ፍንዳታ ካለፈ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሆኖታል። የሚያበሽቀው ደግሞ ምንም የስህተት መልእክት አለመምጣቱ ነው፤ ኮከቡ በአዘቦቱ የሚያበራው ብርሃን ስላለ ጤነኛ የሚመስል ስፔክትረም ይወጣላችኋል፣ ኤክስስፔክም (ስፔክትረም ላይ ሞዴል የሚገጥመው ፕሮግራም) ደስ ብሎት ይገጥመዋል። መመሪያዎቹ ይህን ሁሉ በየገጹ በታትነውታል። አንድ ቦታ መጻፍ ምን ይከብዳል?

እኔ የምሠራበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ በቴሌስኮፑ ሰዓት አጣራለሁ፤ የማጣሪያው መረጃ የተቀዳው በዚያው ሰዓት ስለሆነ እርማቱ ከቀደመ ሁለቱ አይገናኙም። ስፔክትረሙንም ከዚያው አወጣለሁ። የባሪሴንተር እርማቱን በቅጂ ላይ ብቻ፣ ለ401 ኸርዝ (በሰከንድ 401 ጊዜ) ምት ፍለጋ እሠራለሁ። የኮከቡን አድራሻ (ሰማይ ላይ ያለበትን ቦታ) በእጃችሁ ስጡት። የአንድ አርክሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 1/3600) ስህተት ሰዓቱን እስከ 2.4 ሚሊሰከንድ ያዛባል፣ የኮከቡ አንድ ዙር ደግሞ 2.5 ሚሊሰከንድ አይሞላም። በ20 ሰከንዱ ውስጥ ብቻ ከሆነ አይጎዳም፤ የተለያዩ ቀናትን ምት ስታያይዙ ግን ይበላችኋል።

ስፔክትረሙን በተመለከተ፣ ከፍንዳታው በፊት የነበረውን ብርሃን ቀንሶ ቀሪውን በጥቁር አካል (በሙቀቱ ብቻ የሚያበራ አካል ሞዴል) መግጠም የቆየ ልማድ ነው። ናይሰር ግን ከ3 ኪሎኤሌክትሮንቮልት (የኤክስሬይ ኃይል መለኪያ) በታችም አጥርቶ ስለሚያይ እዚያ ላይ ትርፍ ብርሃን ይቀራል። የቅድመ ፍንዳታውን ብርሃን አትቀንሱት፤ ሞዴሉ ውስጥ አስገቡትና የሚያበዛው ቁጥር ብቻ ነፃ ይሁን። የፍንዳታው ጫፍ አካባቢ ቁጥሩ ከ1 በደንብ ሲበልጥ አትደንግጡ፣ የሚጠበቅ ነው።

ለመለማመጃ ከሜይ 22 ቀን 2023 በፊት የተቀዳ መረጃ ምረጡ። በዚያ ቀን ቴሌስኮፑ ላይ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ተፈጥሮ የቀን ቀረጻው በኖይዝ ተሞልቷል፤ ከዚያ ወዲህ ላለው በጨለማ የተቀዳውን ነጥላችሁ ያዙ።