ኮከብ ጎል እኔ ነኝ

ከጎንደር ፒያሳ ወረድ ብሎ 7 ክፍል ያላት ገስት ሃውስ አለችን። ባለቤቷ እናቴ ናት። ኢሜይል መመለሱ ግን የእኔ ሥራ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ እጄ አያርፍም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ጎንደር ውስጥ ባዶ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው፤ ሰው ቀድሞ ነው የሚይዘው።

አምና አንድ የሆላንድ እንግዳ ሁለት ክፍል ጠየቀ። የጻፈው በገስት ሃውሳችን የኢሜይል አድራሻ ነው። እሱ አድራሻ የሚመጣለትን ሁሉ ወደ እኔ ጂሜይል ያስተላልፋል። እኔም ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ከፍቼ ዋጋውንና ቀብዱን ጽፌ ላክሁ። በነጋታው ሰውየው በገስት ሃውሱ አድራሻ እንደገና ጻፈ፦ «ኮከብ ጎል የሚባል ሰው በስማችሁ ገንዘብ እየጠየቀኝ ነው። ታውቁታላችሁ?»

ኮከብ ጎል እኔ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ሆኜ የከፈትኳት ጂሜይል ናት። (ኳስ እጫወት ነበር። ጎል ግን አግብቼ አላውቅም።) ደንግጬ «እኔው ነኝ፣ አታስብ» ብዬ መለስኩለት። ከዚያችው ከኮከብ ጎል! ሰውየው ድምፁ ጠፋ።

እናቴ ስትሰማ «አንተ ልጅ፣ የቤቱን እንግዳ በኳስ ስምህ ነው የምታናግረው?» አለችኝ። ምን ይመለሳል።

ያን ዕለት ማታ ተቀመጥኩበት። ተንደርበርድ ላይ አንድ አካውንት ብዙ ላኪ ሊኖረው ይችላል፤ «አይደንቲቲ» ይላቸዋል። አካውንት ሴቲንግስ፣ ማኔጅ አይደንቲቲስ፣ አድ። ስም፣ አድራሻና ፊርማ መሙላት ነው። በቃ አለቀ ብዬ ለእህቴ ሙከራ ላክሁ። ደወለች። «ኮከብ ጎል ነው የሚለው» አለች እየሳቀች።

እዚህ ላይ ነው ያመሸሁት። ላኪ ብለህ የምትጽፈው ሌላ፣ ደብዳቤውን ተሸክሞ የሚወጣው ሰርቨር ሌላ። አዲሱ አድራሻዬ አሁንም በጂሜይል በር ነበር የሚወጣው። ጂሜይል ደግሞ አስቀድመህ ያላረጋገጥክለትን ላኪ ሲያይ አንስቶ የአካውንቱን አድራሻ ይተካበታል። መፍትሔው እዚያው አይደንቲቲው ላይ ነበር፦ አውትጎይንግ ሰርቨር በሚለው ቦታ የገስት ሃውሱን የራሱን ኤስኤምቲፒ (ኢሜይል የሚላክበት ደንብ) ሰርቨር መምረጥ። እሱን ካስተካከልኩ ወዲህ መልስ ስጽፍ ተንደርበርድ ደብዳቤው ለየትኛው አድራሻ እንደተላከ አይቶ ላኪውን ራሱ ይመርጥልኛል።

ሌላም ነገር አገኘሁ። መጻፊያው ላይ ፍሮም የሚለውን ስትነካ ከዝርዝሩ ግርጌ «ከስተማይዝ ፍሮም አድሬስ» አለ። ለአንዲት ደብዳቤ ብቻ አድራሻውን በእጅህ ታርመዋለህ። ለምሳሌ የጂሜይል ስምህ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክትና «ጥምቀት» የሚል ቃል ብትጨምር መልሱ ያው ያንተው ሳጥን ይገባል፤ ለመለየት ግን ይመቻል።

የፈለግኩትን ሰው አድራሻ ብጽፍስ? መጻፉንስ ይጽፍልሃል። ፖስታ ጀርባ ላይ የላኪውን ስም ማን ያጣራ ነበር? ኤስኤምቲፒም በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንደዚያው ነበር፣ በእምነት። ዛሬ ግን ተቀባዩ ሰርቨር «ይህ ደብዳቤ በእውነት በዚህ ዶሜይን (ከ@ በኋላ ባለው ስም) ፈቃድ ነው የተላከው?» ብሎ ያጣራል። ኤስፒኤፍና ዲኬአይኤም የሚባሉት ለዚህ ናቸው። ጂሜይል ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ አንዱን ከማንኛውም ላኪ ይጠይቃል። ስለዚህ የቤታችንን ዶሜይን ያስመዘገበልንን ልጅ ለምኜ ሁለቱንም አስገባሁ።

እናቴ የመጨረሻውን ሙከራ በእህቴ ስልክ አየችው። መነጽሯን ከፍ ዝቅ አድርጋ፣ «የእኔ ስም የታለ?» አለች።

አሁን ላኪው ላይ የሚወጣው የእሷ ስም ነው። ዘንድሮ አንድ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ያን ሁሉ ደብዳቤ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ» ሲላት፣ እኔን ዞር ብላም ሳታይ፣ «ምንም አይደል» አለችው።