በሎሚ ያጠፋሁት ሳንቲም

የሮማ ነገሥታትን ሳንቲሞች መሰብሰብ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ያወጣሁት ገንዘብ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ አንድ ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት አጠገቤ ሆኖ «አትንካው» የሚለኝ ሰው ባለማግኘቴ ይህን እጽፋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። በ350ዎቹ እ.ኤ.አ. የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ የሮማው ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ፣ ለአክሱሞቹ ለኢዛናና ለሳይዛና ጽፎ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ፣ ወደ እስክንድርያ እንዲልኩ ጠይቋል። አባ ሰላማን የሾሟቸው የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ ነበሩ። ንጉሡ አትናቴዎስን አሳድዶ በመንበራቸው ላይ ጊዮርጊስ የተባለ አርዮሳዊ አስቀምጦ ስለነበር፣ ሹመቱ በዚያ ሰው እንዲመረመር ፈለገ። ደብዳቤው ለእኛ የደረሰው አትናቴዎስ ለንጉሡ በጻፉት መከላከያ ውስጥ ስላካተቱት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የዚያን ንጉሥ መልክ በእጄ ልይዝ ተመኘሁ። የምኖረው ለንደን ስለሆነ ምኞቴ ሩቅ አልነበረም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የግራም መቶኛ የሚለካ ሚዛንና ትዕግሥት። የዘመኑ ሳንቲሞች ከ337 እስከ 364 ድረስ በትልቁ የሮማ ሳንቲሞች መዝገብ ስምንተኛ ቅጽ ተዘርዝረዋል፤ በኢንተርኔትም በነጻ የሚታይ መዝገብ አለ። ጀማሪን የሚያሳስተው የስሞቹ መመሳሰል ነው። የአባትየውና የልጁ ስም በላቲን የሚለያዩት በአንድ «ኤን» ፊደል ብቻ ነው፤ ያች ፊደል ካልተነበበች ሳንቲሙ የማን እንደሆነ ለመለየት ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ፈልጌ ያገኘሁት በአንድ የሳንቲም ገበያ ላይ ነበር፤ 35 ፓውንድ። ከፊቱ የቆስጠንጢዮስ መልክ፣ ከኋላው ከፈረሱ የወደቀ ጠላትን በጦር የሚወጋ ወታደር፣ ዙሪያውን «የደስታ ዘመን ታደሰ» የሚል የላቲን ጽሑፍ። ይህ ዓይነት መቀረጽ የጀመረው በ348 ግድም ነው፤ እጅግ ብዙ ስለተቀረጸ ዋጋው ርካሽ ነው። የእኔን ልዩ ያደረገው ከወታደሩ እግር ሥር የተጻፈው የማተሚያው ምልክት ነበር፦ እስክንድርያ። ንጉሡ አባ ሰላማን ሊያስመጣባት የፈለገባት ያቺው ከተማ!

ሳንቲሙ አሸዋማ፣ ፈዛዛ ቡናማ ቆዳ ነበረው። ከደረቅ አገር አፈር የሚወጣ ነሐስ እንዲህ ይሆናል፤ ከፍ ያለው ክፍል ይጠቁራል፣ ዝቅ ያለው በአፈር ይሞላል፣ ፊደሉም ጎልቶ ይነበባል። ሰብሳቢዎች ለዚህ ቆዳ ሲሉ ተጨማሪ ይከፍላሉ። እኔ ግን ቆሻሻ መሰለኝ። እናቴ በዓል ሲደርስ የናስ ትሪዎቿን በሎሚና በአመድ አሽታ እንደ ወርቅ ታብለጨልጫቸው ነበርና፣ ንጹሕ ማለት የሚያብረቀርቅ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። በዚያ ላይ አንድ ሰው የጠቆረ ዲናሪየስ በሎሚ ጭማቂ ነክሮ ሲያነጻ በቪዲዮ አየሁ። ዲናሪየስ የሮማ የብር ሳንቲም ነው፤ የእኔ ነሐስ ነበር። ልዩነቱን አውቅ ነበር፤ ቆም ብዬ ግን አላሰብኩበትም።

ማታ ሁለት ሎሚ ጨምቄ በቡና ሲኒ ነከርኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጭማቂው አረንጓዴ መሆን ጀመረ። ያን ጊዜ ማውጣት ነበረብኝ። አረንጓዴው የሳንቲሙ አካል እየሟሟ መሆኑን ይናገር ነበር፤ እኔ ቆሻሻው እየለቀቀ ነው ብዬ ተደስቼ ተኛሁ።

ጠዋት ያገኘሁት ቀላ ያለ፣ ፈንጣጣ እንደበላው ፊት የተቦረቦረ የመዳብ ቁራጭ ነው። የንጉሡ አፍንጫና ግንባር ይታያል፤ ስሙ የለም። ወታደሩ ጥላ ሆኗል። ፈረሰኛው ከነፈረሱ ጠፍቷል። የእስክንድርያ ምልክት ከነበረበት ቦታ ላይ ምንም የለም። መነጽሩን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ምን ያህል እንደቆምኩ አላስታውስም።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ነሐስ ከ1,600 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሲቆይ ውጫዊው ክፍል ቀስ በቀስ ወደ ማዕድንነት ይለወጣል፤ ቀዩ ኩፕራይት፣ አረንጓዴው ማላካይት ይባላል። ፊደሉና ሥዕሉ ተጠብቀው የሚቆዩት በዚያ ቆዳ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ነሐስ የተበላ ስለሆነ፣ ቆዳውን ያነሳ ሰው ጽሑፉን አብሮ ያነሳል። ሳንቲሙን ለሸጡልኝ አዛውንት ወስጄ አሳየኋቸው። በማጉያ አዩት፣ በምን እንደነካሁት ጠየቁኝ፣ ሎሚ ስላቸው ምንም ሳይናገሩ መለሱልኝ። ሲሸጡልኝ አንድ ቃል ቢያስጠነቅቁኝ ምን ነበረበት እያልኩ እስካሁን ቅር ይለኛል፤ ሎሚውን የጨመቅኩት ግን እኔው ነኝ።

ስለዚህ የጀማሪ መመሪያዎች የሚሉትን አልቀበልም። ያልጸዱ ሳንቲሞችን በጅምላ ገዝተህ በተጣራ ውሃ ወይም በወይራ ዘይት ለወራት ዘፍዝፍ ይላሉ። ዘይትም የራሱ አሲድ አለው። የጅምላው ሳንቲም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከየት እንደተቆፈረ የሚናገር ወረቀት የለውም። በዚያ ገንዘብ አንድ የሚነበብ፣ ታሪኩ የሚታወቅ ሳንቲም ግዛ፤ ከዚያም ተወው። እጅ የሚያስፈልገው ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ሲያወጣ ብቻ ነው። ያ እርጥበት የሚያባብሰው የክሎራይድ በሽታ ነው፤ ወዲያውኑ ከሌሎቹ ለይተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥና ለጥገና ባለሙያ አሳይ።

ሌላው ያበሳጨኝ ነገር ቀረጥ ነው። ከጀርመን ጨረታ በ190 ፓውንድ የገዛኋቸውን ጥቂት ሳንቲሞች አመላላሹ ድርጅት እንደ ተራ ገንዘብ አስመዝግቦ 20 በመቶ ታክስ አስከፈለኝ። የሰብሳቢ ዕቃ በጉምሩክ ቁጥር 9705 ሲመዘገብ በብሪታንያ የሚከፈልበት 5 በመቶ ነው። ልዩነቱን ለማስመለስ አራት ወር ተጻጻፍኩ፤ በስልክ ያገኘኋቸው ሁሉ ወደ ሌላ ስልክ መሩኝ። ሻጩ ቁጥሩን በእሽጉ ላይ በግልጽ ካልጻፈ አትክፈሉት።

የአክሱም ሳንቲምም እንድገዛ ብዙ ጊዜ ቀርቦልኛል። ኢዛና መስቀል የቀረጸበትን የወርቅ ሳንቲም ማየት ልቤን ያሞቀዋል፤ ነገር ግን አልገዛም። ያለ ፈቃድ ከአገር የወጣ ቅርስ እንደሆነ እየጠረጠርኩ ገንዘብ ብከፍል የሚቀጥለውን ቆፋሪ የምቀጥረው እኔ ነኝ።

ከጀርመን ከመጡት አንዱ የቆስጠንጢዮስ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን የተቀረጸው በአንጾኪያ ነው። የእስክንድርያውን አሁንም በየገበያው እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው በሣጥኑ ውስጥ በራሱ ቦታ ተቀምጧል፤ በካርዱ ላይ ከንጉሡ ስም ሥር «እስክንድርያ» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ፤ ሳንቲሙ ራሱ ከእንግዲህ ሊናገረው አይችልምና።