ዘጠኝ ሳምንት ከተመልካቾች ጋር

እጅ ኳስን የጀመርኩት ወላጆቼ ከአዲስ አበባ መጥተው በሰፈሩባት በስዊድኗ ጎተንበርግ ነው። የፓርቲሌ ካፕ የወጣቶች ውድድር በየዓመቱ በሚካሄድባት በዚህች ከተማ እጅ ኳስ መጫወት ብርቅ አይደለም። በግራ ክንፍ እየተሰለፍኩ በ19 ዓመቴ የመጀመሪያ ውሌን ፈረምኩ፤ ከዚያም በጀርመን፣ በሃንጋሪና በዴንማርክ ተጫወትኩ። ቤት መከራየቱም ሆነ የሕክምና ምርመራው በየአገሩ ያው ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ያቃጠለኝ ወደ ጀርመን የተሻገርኩበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2016 ነበር፤ ሊጉ ለአውሮፓ ሻምፒዮና ተቋርጦ፣ ጀርመን ፖላንድ ውስጥ ስፔንን 24 ለ17 አሸንፋ ዋንጫ ያነሳችበት ወር። ውሌ የሚያበቃው ጁን 30 ቢሆንም የስዊድኑ ክለቤ ሊቀ መንበር ቡና ቀድቶልኝ «ሂድ፣ ወረቀቱን እኛ እንጨርሳለን» አለኝ፤ እኔም አልጋዬን ሸጬ ሄድኩ።

ተጫዋች ከአገር አገር ሲዛወር አዲሱ ክለብ በፌዴሬሽኑ በኩል የዝውውር ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የቀድሞው ፌዴሬሽን ደግሞ ተጫዋቹ በውል አለመታሰሩን ሳያጣራ አይለቅም። ጥያቄው ሲደርስ የክለቡ ጸሐፊ «ውሉ አልፈረሰም» ብሎ መለሰ፣ ሊቀ መንበሩም ስልኬን ማንሳት ተወ። ፌዴሬሽኑ ወደ ክለቡ፣ ክለቡ ወደ ፌዴሬሽኑ ይመልሱኝ ጀመር። ኋላ እንደተረዳሁት የፈለጉት ገንዘብ ነበር፤ ከ16 እስከ 23 ዓመት ባለው ዕድሜ ተጫዋቹን ላሠለጠነ ክለብ ካሣ ሊጠየቅ እንደሚችል፣ የ22 ዓመቱ እኔ አላውቅም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ኳሱ ከእጅ እንዳያመልጥ የምንቀባውን ሙጫ ጣቶቼን ቀብቼ እለማመዳለሁ፤ የጨዋታ ቀን ግን ማረጋገጫው ስላልመጣ ጃኬት ለብሼ ከተመልካቾች ጋር እቀመጣለሁ፣ ከጣቴ ያልለቀቀው ሙጫ የስልኬን መስታወት እያጨማለቀ ኢሜይል እከፍታለሁ። በዘጠነኛው ሳምንት ማረጋገጫው ሲመጣ በቦታዬ የገባው የ18 ዓመት ልጅ ተደላድሎ ነበር፤ እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ቋሚ አልሆንኩም።

አባቴ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲለኝ የድሮ ሰው ወግ ይመስለኝ ነበር። ከሊቀ መንበሩ ይልቅ ዛሬም የምናደደው በራሴ ነው፤ ያን ቡና እየጠጣሁ አንድ መስመር ጽፎ እንዲፈርምልኝ መጠየቅ ይሉኝታ ከልክሎኛል።

የዝውውር ወረቀት የክለቦች ሥራ ስለሆነ ተጫዋቹ አይግባበት ብለው ይመክሯችኋል፤ ፈጽሞ አልስማማም። የውል ማፍረሻው በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ቅጂው እጃችሁ ሳይገባ ሻንጣ አትዝጉ። ካሣውን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ይጻፍ። ወኪላችሁን በፈረማችሁበት ቀን ሳይሆን ማረጋገጫው በደረሰበት ቀን ክፈሉት፤ የእኔው ድርሻውን ወስዶ የጠፋው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ወደ ሃንጋሪ ልሄድ ስል የጀርመኑ ክለብ ኃላፊም ቡና ቀዳልኝ። ስኒውን ሳልነካ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ብዕር አቀበልኩት።