ጥርስ ሐኪም ጋ ነን

ዛሬ አክስቴን ይዤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣሁ። ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር ሦስተኛ ቀጠሮዋ ነው። ታክሲ ውስጥ አንዲት ጎረቤታችን አገኘችንና «ምነው፣ በደህና?» ስትል አክስቴ ፈጠን ብላ «ጥርሴን ነው» አለች። እሺ፣ ይሁን። ግን ያን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን እስክንጨርስ በሻርፗ ጫፍ ጉንጯን ደግፋ ተቀመጠች፣ እንዲያውም አንድ ሁለቴ አቃሰተች! ጎረቤታችንም «ቅርንፉድ ንከሺበት» ብላ መከረቻት። ሳቄን በመከራ ዋጥኩት።

አክስቴ ልጇ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ወዳጃ፣ ማለትም ሰብሰብ ብሎ ዱዓ ማድረጊያው ላይ፣ መቀመጧን ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ይሄን ግን ትደብቃለች። «ለባዳ ገበናዬን ዘክዝኬ ስመለስ ቤቴን ክፍት ትቼ የወጣሁ ይመስለኛል» ትላለች። ደግሞ መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ፣ 50 ደቂቃ ወሬ ብቻ። ባለፈው ልትቀር ነበር።

ባለሙያዋ ብልህ ናት። ዱዓውን ተዪ አላለቻትም። «ወዳጃው ላይ ምን ያሳርፍሻል?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴም «እዚያ ሳለቅስ ዝም በይ የሚለኝ የለም» አለቻት። ይቺን ራሷ ናት መንገድ ላይ የነገረችኝ። እኛ ቤት ግን ስታለቅስ «ሐዘን አታብዢ፣ አላህን ማማረር ነው» እንላታለን። እኔም ብያታለሁ።

ማታ ጎረቤታችን ደወለች። «ነቀሉልሽ?»

«ኧረ ገና ነው፣ በየሳምንቱ ነይ ብለውኛል።»