ዝንብ ውርወራን በማኅበር መማር፦ ከጎንደር ሜዳ እስከ ጎርጎራ ዳርቻ

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ከተለመደው የመንጠቆ አጠማመድ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ክብደቱ ያለው ጫፉ ላይ ሳይሆን ክሩ ራሱ ላይ ነው። በተለመደው አጠማመድ መንጠቆው አጠገብ የታሰረ እርሳስ ወይም ጠጠር ክሩን እየጎተተ ይሄዳል። እዚህ ግን ከላባና ከፀጉር የተሠራው ዝንብ በጣም ቀላል ስለሆነ ተሸክሞ የሚያደርሰው ወፍራሙ ክር ነው። ስለዚህ ሙያው ያለው ክንድ ላይ ነው፤ የራስን ክንድ ደግሞ እየወረወሩ ማየት አይቻልም። ጎንደር ላይ ስምንት ሆነን በማኅበር የምንማረው በዚህ ምክንያት ነው። ከማኅበሩ ካገኘኋቸው ጥቅሞች የሚበልጥብኝም ይኸው ከጎን ቆሞ የሚያይ ዐይን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሣር ሜዳ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን እንለማመዳለን። በመንጠቆው ፋንታ ጥፍር የምታህል ቀይ የሱፍ ክር ጫፉ ላይ እናስራለን። አንዱ 9 ሜትር ያህል ክር አውጥቶ ይወረውራል፤ ሌላው በሚወረውርበት እጅ በኩል አምስት እርምጃ ርቆ ቆሞ የዘንጉን ጫፍ ብቻ ይመለከታል። ከወርዋሪው ጎን ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል፣ ወርዋሪውም ፊቱን ወደ 9 ቁጥር አዙሯል ብላችሁ አስቡ፦ ዘንጉ ወደ ፊት ሲመጣ 10 ቁጥር፣ ወደ ኋላ ሲሄድ 1 ቁጥር ላይ መቆም አለበት። ጀማሪ የሚሳሳተው ከኋላ ነው። የእጁ አንጓ ይታጠፍና ዘንጉ እስከ 3 ቁጥር ይወርዳል፤ ክሩ ሣሩን ይመታል፤ ወደ ፊት ሲመለስም ጉልበት አይኖረውም። መፍትሔው የእጀታውን የታች ጫፍ ረጅም የሸሚዝ እጅጌ ውስጥ ማስገባት ነው፤ አንጓው ሊታጠፍ ሲል እጅጌው ይይዘዋል። ሁለተኛው ስሕተት ችኮላ ነው። ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት ከተሳበ ይጮኻል፣ ዝንቡም ተበጥሶ ይቀራል። ቡሄ ላይ ጅራፍ ሲያጮህ ያደገ ሰው ይህን ስሕተት ከሁሉ ቀድሞ ይሠራዋል፤ ጅራፍም የሚጮኸው ልክ እንደዚህ ነውና። ሦስተኛውን ወርዋሪው ራሱ ፈጽሞ አያየውም፦ ጉልበቱን ከመጀመሪያው ሲያወጣው ክሩ በአየር ላይ ይጠላለፍና መሪው ናይለን ላይ፣ ማለትም ወፍራሙን ክር ከዝንቡ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን ናይለን ላይ፣ ትንሽ ቋጠሮ ይፈጠራል። ያ ቋጠሮ የናይለኑን ጥንካሬ ወደ ግማሽ ሊያወርደው ስለሚችል ከየአሥር ውርወራ በኋላ ናይለኑን በሁለት ጣት መዳበስ ልማድ መሆን አለበት። ቋጠሮ ከተገኘ ቆርጦ እንደገና ማሰር ነው፤ ለመፍታት መድከም ጊዜ ማባከን ነው። አዲስ ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊትም በምራቅ መርጠብ አለበት፤ ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በሰበቃው ሙቀት ይጎዳል።

ለጣና ዓሣ የመረጥነው 6 ቁጥር (ቁጥሩ ዘንጉ የሚወረውረውን ክር ክብደት ያሳያል)፣ 2.7 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ነው። ባለ 4 ቁራጭ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ይይዘዋል። ባለ 2 ቁራጭ ከሆነ ለአምጪውም ለዕቃውም መከራ ነው። ክሩ የዘንጉ ዓይነት 6 ቁጥር፣ ተንሳፋፊ፣ ከፊቱ የወፈረ ነው። ከሥሩ 80 ሜትር ቀጭን ደጋፊ ክር ይጠመጠማል፤ ከፊቱ ደግሞ እየቀጠነ የሚሄድ 2.7 ሜትር መሪ ናይለን ይታሰራል፤ የጫፉ ውፍረት 0.25 ሚሊ ሜትር። ይህን ሁሉ ለብቻ መግዛት ከባድ ስለሆነ እቁብ ጣልን። በየሁለት ወሩ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘብ ሳይሆን ሙሉ ዕቃ ይወስዳል፤ ተራው ያልደረሰውም የደረሰውን ሰው ዘንግ እየተዋሰ ይለማመዳል። ሁላችንም አንድ ቁጥር መምረጣችን እዚህ ላይ ጠቀመን፤ የአንዱ ክር ቢበላሽ የሌላው ዘንግ ላይ ይሠራል።

ክር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በትንኝ መከላከያ ቅባት ነው። ጎርጎራ አካባቢ ወባ ስላለ ቅባቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ዲት የተባለው ንጥረ ነገር የክሩን ፕላስቲክ ሽፋን ያሟሟል። እኛ በእጃችን ጀርባ ተቀብተን መዳፋችንን በሳሙና እንታጠባለን። ከመልስ በኋላ ክሩን በለብታ ሳሙና ውሃ አጥቦ ጥላ ውስጥ ማድረቅም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ዝንቡን ግን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ከመንጠቆው በቀር ሁሉም እዚሁ አለ። ቁጥር 6 የሆነ ረጅም መንጠቆ ይያዛል። ከሞተር ጠምጣሚ የተገኘ 0.5 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ የመንጠቆው ግንድ ላይ 12 ጊዜ ይጠመጠማል፤ የሚያሰምጠው እሱ ነው። ለጭራው የመንጠቆውን ያህል ርዝመት ያለው የፍየል ፀጉር ይታሰራል። ለገላው የበግ ሱፍ በጣት እየተፈተለ ከኋላ ወደ ፊት ይጠመጠማል፤ ከዚያ አንድ የአውራ ዶሮ አንገት ላባ በላዩ ላይ አምስት ዙር ይዞራል፤ ላባው እንዳይላቀቅም ቀጭን ሽቦ በተቃራኒ አቅጣጫ ያልፍበታል። ጭንቅላቱ በክር ተጠምጥሞ በጥፍር ቀለም ይደርቃል። አዲስ ሠሪ ሁሉ ሱፉን እስከ መንጠቆው ቀዳዳ ድረስ ያደርሰውና ናይለን የሚያስገባበት ቦታ ያጣል፤ ከቀዳዳው ኋላ 2 ሚሊ ሜትር ባዶ መተው አለበት። ነጭና ግራጫው ውሃው ሲጠራ፣ ጥቁሩ ሲደፈርስ ይሠራል።

የመንጠቆውን ጥርስ ሁላችንም በፒንሳ እንጨፈልቃለን። ዓሣው በቀላሉ ይለቀቃል፤ ነፋስ ሲነሳ ጆሮ ወይም ክንድ ላይ የተሰካ መንጠቆም ያለ ሐኪም ይወጣል። መነጽርና ባርኔጣ የሌለው አባል ደግሞ ዘንግ አይዝም።

ጣና ላይ ማንን እንደምናጠምድ ማወቅ ከውርወራው አያንስም። ቀረሶ በዋናነት ከውሃው ጋር የሚንሳፈፍ አልጌ ስለሚበላ ዝንብ ብዙም አይማርከውም። በሶ ከድንጋይ ላይ አልጌ ፋቂ ነው፤ እሱን መከተል ድካም ነው። አምባዛ ያገኘውን ይውጣል፤ የሚነቃው ግን በብዛት ሲመሽ ነው። የእኛ ዓሣ ነጭ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱ ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን ይበላሉ፤ ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን ዝንብ የሚያሳድዱትም እነሱ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ የሽቦ መሪ አያስፈልግም፤ አነካከሳቸውም ጠንካራ ጉተታ ሳይሆን ምጠት ነው፤ ክሩ ለቅጽበት ከበድ ይላል፣ በቃ። በዚያች ቅጽበት ዘንጉን ወደ ላይ ያነሳ ሰው ዝንቡን ከአፉ ያወጣዋል። ዘንጉን ወደ ውሃው ዝቅ እንዳደረጉ በግራ እጅ ክሩን ረዘም አድርጎ መሳብ ነው የሚያይዘው።

ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊት ተነስተን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ድንጋያማው ዳርቻ ላይ እንቆማለን። ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሰሜን ዳርቻ ላይ ለቆመ ሰው ፊት ለፊት ይመጣበታል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ማለቅ አለበት። ዝንቡ ከወደቀ በኋላ እየቆጠርን እናሰምጠዋለን። 12 ስንል ድንጋይ ከያዘ በሚቀጥለው 10 ላይ መሳብ እንጀምራለን፤ ዓሣው ያለው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ደንገል ወዳለበት በንጋትም በምሽትም አንጠጋም፤ ጉማሬ አለ። ባዶ እግር ውሃ ውስጥ መግባትም የለም፤ የቢልሃርዝያ ነገር ቀልድ አይደለም። ብቻውን የሚወጣ አባል የለንም።

እያንዳንዱ ሰው ቀኑን፣ የውሃውን ጥራት፣ ነፋሱን፣ የዝንቡን ቀለምና ስንት ቆጥሮ እንደያዘ ደብተር ላይ ይጽፋል። አንድ ሰው በምናጠምድባቸው 8 ወራት በወር አንዴ ቢወጣ በዓመት 8 ገጽ ነው፤ የስምንታችን ሲደመር 64 ገጽ ይሆናል። ባዶ እጅ የተመለሱበትን ቀንም መጻፍ ግዴታ ነው፤ እሱ ከሌለ ደብተሩ ያሳስታል። ሌላው ትልቅ መምህር የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ነው። ታንኳ ላይ ያደጉ አባቶችን «ጋሼ፣ ውሃው ዛሬ እንዴት አደረ?» ብሎ ቀድሞ መጠየቅ፣ የሚበላውን ዓሣ ከእነሱ መግዛት፣ በሁዳዴ ገበያቸው በሚደራበት ሰሞን መረባቸው አጠገብ አለመወርወር። ነጭ ዓሣ ይዘን ስንለቅ የሚገርማቸው አሉ፤ ምግብ መልሶ መጣል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነውና ምክንያቱን በአክብሮት ማስረዳት ያስፈልጋል።

ምክንያቱም ይህ ነው። አብዛኛው ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ለመራባት እንደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል፤ መጀመሪያ በወንዞቹ አፍ ላይ ይከማቻል። የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋትም ሆነ በብርብራ ዱቄት ማደንዘዝ ዓሣውን ከነመጪው ትውልዱ ይጨርሰዋል። እኛ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዘንግ አንነካም። በሌላው ጊዜ የያዝነውን ነጭ ዓሣ እጃችንን አርጥበን፣ የሚተነፍስበት ብራንኪያው ውስጥ ጣት ሳናስገባ፣ ከውሃው ሳናወጣ መንጠቆውን እንነቅላለን። ደረቅ እጅ ገላውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል።

በእነዚያ ወራት ዝንብ እንሠራለን። ለእንቁጣጣሽ የሚታረደው አውራ ዶሮ በፈላ ውሃ ከመነከሩ በፊት የአንገቱ ላባ መነጨት ስላለበት፣ ቤት ውስጥ ወጡን የሚሠራውን ሰው ከዋዜማው ጀምሮ መለመን ይገባል። ላባው በልብስ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይደርቅና ክዳን ባለው ማሰሮ ከናፍታሊን ጋር ይቀመጣል፤ ያለ ናፍታሊን ብል ይበላዋል። ከስምንት ቤት የሚሰበሰበው ላባ ከኅዳር ጀምሮ ላለው ወቅት ይበቃል፤ ቀዩ ላባ ግን ሁልጊዜ ስለሚተርፍ ነጭ ዶሮ የሚያርድ ቤት አስቀድሞ ቢነግረን እንወዳለን።